«የለም» ስትሉ እኛም እንስማ፦ ለሰደድ እሳት ስምሪት ማዕከል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በምሥራቅ ኦሪገን ለሚገኘው፣ ስሙን እዚህ ለማልጠራው የሰደድ እሳት ስምሪት ማዕከል
ግልባጭ፦ የማዕከሉን በጀት ለምትወስኑ፣ እንዲሁም በአይ-84 አውራ ጎዳና ለምትመላለሱ የሀገሬ ልጆች
ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለ መጠየቅና አንድ ነገር ስለ መለመን

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት በሁለት ምክንያት ነው። ተናድጄ የተናገርኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነበር፤ ይቅርታውን እንኳ አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ልበል ብዬ ነው። ልጄ ተርጉማ ትልክላችኋለች። ደግሞም በዚያ መንገድ የሚመላለሱ፣ እንደ እኔ የማያውቁትን ሥራ የሚያማርሩ የሀገሬ ሰዎች ብዙ ናቸውና እነሱም እንዲያነቡት ፈልጌያለሁ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ከፖርትላንድ ጭኜ ወደ ቦይሲ፣ አንዳንዴም አልፌ እስከ ሶልት ሌክ ሲቲ እሄዳለሁ። እናንተ በካርታ የምታውቁትን ኮረብታ እኔ በዳገቱና በቁልቁለቱ አውቀዋለሁ። «ዲስፓቸር» የሚለውን ቃልም ከእናንተ እኩል ሳልጠራው የምውልበት ቀን የለም። በእኛ ሥራ ዲስፓቸር ማለት ሎድ፣ ማለትም የምንጭነውን ዕቃ፣ ፈልጎ የሚሰጠን፣ «የት ደረስክ?» እያለ የሚጨቀጭቀን ሰው ነው። ሎድ ሲጠፋ የምንጮኸው በእሱ ላይ ነው፤ ሎዱን ደብቆ የያዘው ይመስል። እናንተም ዲስፓቸር መባላችሁን ከማወቄ በፊት ይህንኑ ጩኸት በእናንተ ላይ ጮኬዋለሁ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2024 ጁላይ ነው። የዚያን ሰሞን ሙቀት የቀመሰ አይረሳውም። ሣሩ ከመንገዱ ዳር እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ ገለባ ሆኗል። ከቤከር ሲቲ ወደ ኦንቴሪዮ ስወርድ ሰማዩ ጠቆረና መብረቅ ይጥል ጀመር፤ ጠብታ ዝናብ ግን የለም። ብዙም ሳልሄድ ከአንድ ሸለቆ ጭስ ሲወጣ አየሁና ደወልኩ። የአስቸኳይ ጊዜ ስልኩ 911 ተቀብሎ ወደ እናንተ አስተላለፈኝ፤ አንዲት ሴት አነሳች።

«የትኛው ማይል ማርከር ላይ ነዎት?» አለችኝ፤ በመንገዱ ዳር የቆመውን የርቀት ቁጥር ማለቷ ነው። አላየሁትም። «ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት? ጭሱ በየትኛው በኩል ነው? ነጭ ነው ጥቁር? ቀጥ ብሎ ይወጣል ወይስ ወደ ጎን ይተኛል? ነበልባል ይታያል? ቤት ወይም የኤሌክትሪክ መስመር አጠገቡ አለ?» እኔ በበኩሌ ደሜ ፈልቷል። «እሳት ነው እያልኩሽ ነው፤ ሰው ላኪ!» አልኳት። ድምጿ አልተለወጠም፤ ጥያቄውን ካቆመችበት ቀጠለች። ያን ጊዜ ግድ የሌላት መስላኝ ነበር።

ዳር ይዤ ቆምኩና ሰማይ ሰማይ ሳይ አርባ ደቂቃ አለፈ። በቴሌቪዥን የምናየው ቀይ ነገር የሚረጨው ትልቁ አይሮፕላን ይመጣል ብዬ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። የመጣው ጀርባው ላይ የውሃ ታንክ የጫነ አንድ ፒክአፕ ነው። ለዚህ ሁሉ እሳት አንድ ፒክአፕ? ስቄ መንገዴን ቀጠልኩ። በኋላ አይ-84 በእሳት ምክንያት ተዘጋና ኦንቴሪዮ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ታገትኩ። ሎዴ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ነው፤ የራሴ ዲስፓቸር በየሰዓቱ ይደውላል፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ይዞኛል። ስልኬን አንሥቼ እናንተ ዘንድ ደወልኩ። በእንግሊዝኛ ብዙ ስድብ አላውቅም፤ የማውቀውን ግን አልቆጠብኩም። የተቀበለችኝ ያቺው ሴት ትሁን ሌላ አላውቅም። ጸጥ ብላ ሰምታ ስታበቃ «ጌታዬ፣ አሁን ለዚያ እሳት የሚሆን አይሮፕላን የለም» አለችኝ። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ይቅርታ የምጠይቀው ስለዚህ ነው። ይቅርታዬ ባዶ እንዳይሆን ከዚያ ወዲህ የገባኝን ልናገር።

ያስረዳችኝ ልጄ ናት። በቀጣዩ ዓመት የበጋ ዕረፍቷን በሌላ ግዛት ባለ የሰደድ እሳት ስምሪት ማዕከል ስትሠራ ከረመች። ቤት እንደገባች ያን የኦንቴሪዮ ታሪኬን እንደ ጀብዱ ላወራላት ጀመርኩ። ሳልጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ እንዲህ ብለው ከሚደውሉት አንዱ አንተ ነህ ማለት ነው?»

«ምን አጠፋሁ? አይሮፕላን አልመጣም፤ አልመጣም አልኩ።»

«አይሮፕላኑ እሳት የሚያጠፋ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለጌጥ ነው?»

ወንበር ስባ ተቀመጠችና አስተማረችኝ። ቀዩ ነገር እሳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። እሳት የሚያጠፋው መሬት ላይ ያለው፣ አካፋና የውሃ ቱቦ የያዘው ሰው ነው። ነፋስ ሲበረታ የሚረጨው ይበተናል፤ ጭስ ሲከብድ አብራሪው አያይም። መሬት ላይ ተከታትሎ የሚገባ ሰው ከሌለ እሳቱ ቆይቶ ቀዩን መስመር አልፎት ይሄዳል። «አንተ የሳቅህበት ፒክአፕ እኮ ዋናው እሱ ነበር» አለችኝ።

የጥያቄው ብዛትም ያኔ ገባኝ። በምሥራቅ ኦሪገን አንዱ ሸለቆ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ኮረብታ የደን አገልግሎቱ፤ ከሥሩ ያለው ሜዳ የግል፤ ሌላው የግዛቱ። ጭሱ የመንገዱ ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚለው ብቻ መጀመሪያ ማን እንደሚነሣ ሊለውጠው ይችላል። ከብት አርቢዎች ራሳቸው የመሠረቷቸው የግጦሽ መሬት እሳት መከላከያ ማኅበራትም አሉ፤ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ለቦታው ቅርብ የሆነው ነውና እነሱ ይደርሳሉ። ያ ባለ ፒክአፕ ከእነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። የራሱን ሥራ ጥሎ የመጣን ሰው ነው እንግዲህ የሳቅሁበት።

ጭሱ ወደ ጎን መተኛቱ ነፋሱን ይናገራል፤ ቀለሙ የሚነደውን ነገር። ስልኩን ያነሳችው ሴት እነዚህን ስትጠይቀኝ እኮ እየጠበቀች አልነበረም። አንዷ ከእኔ ጋር ስታወራ ሌላው ሰው ማሰማራት ይጀምራል። ስንት መኪና፣ ስንት ሰው እንደሚሄድ የዚያን ቀን የእሳት አደጋ ደረጃ አስቀድሞ ወስኖታል፤ በደረቅና ነፋሻ ቀን ለአንዲት የጭስ ክር ብዙ ይላካል፤ በርጥብ ቀን ጥቂት። ቀድሞ የደረሰው ሰው አዛዥ ይሆንና በሬዲዮ ያየውን ይናገራል፦ ስፋቱን፣ የሚነደውን፣ ዳገቱን፣ ወዴት እንደሚሄድ። እናንተ ከነሰዓቱ ትመዘግባላችሁ። ለእሳቱም አጠገቡ ካለ ጅረት ወይም ኮረብታ ስም ትሰጡታላችሁ፣ ቁጥርም ይያዝለታል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚወጣው እያንዳንዱ ዶላርና እያንዳንዱ ሰው በዚያ ቁጥር ሥር ነው።

የደን አገልግሎቱ እንደሚለው ከሚነሡት እሳቶች ከመቶ ወደ 98ቱ ገና ትንሽ ሳሉ ይያዛሉ። እኛ የምንሰማው የቀሩትን ሁለቱን ነው። በአንድ ወቅት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ተሳክቶላችሁ ማንም አላያችሁም፤ ሁለቴ ሳይሳካ ግን እንደ እኔ ያለው ሁሉ ስልክ ያነሣል።

አሁን ልጄ ስትነግረኝ ድምፄ ወደጠፋበት ነገር ልምጣ። በሥልጠና ላይ በመጀመሪያ ከነገሯቸው ነገሮች አንዱ የኮሎራዶው የሳውዝ ካንየን እሳት ነው። ጁላይ 2 ቀን 1994 በመብረቅ ተነሣ፤ ለተወሰኑ ቀናት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጁላይ 6 ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ነፋሱ ተነሣ፤ እሳቱ የስቶርም ኪንግ ተራራን ሽቅብ ሮጦ 14 ሰው ገደለ። የአየር ትንበያ ሰዎቹ ነፋሱ እንደሚመጣ አስቀድመው ተናግረው ነበር። ወረቀቱ ነበረ። ተራራው ላይ ላሉት ግን አልደረሰም።

«ስለዚህ» አለች ልጄ፣ «በየቀኑ ትንበያውን በሬዲዮ ሳነብ እያንዳንዱ ቡድን ሰማሁ እስኪለኝ አልንቀሳቀስም ነበር። አንዱ ካልመለሰ ደግሜ እጠራዋለሁ። ካልመለሰ አሁንም እጠራዋለሁ። አንዳንዴ ይሰለቹኛል፤ 'ትናንት ያነበብሽውን ነው እኮ' ይሉኛል። ይሰልቹኝ።»

ይህን ስትነግረኝ የዚያችን ሴት ያልተለወጠ ድምፅ አስታወስኩ። ግድ የለሽነት አልነበረም። እኔ ስጮህ እሷም ብትጮህ ሬዲዮው ላይ ያለው ሰው ድምፅዋን ይሰማና ይደነግጣል። ድንጋጤ እንደ ሣር እሳት ነው፤ አንድ ቦታ አይቆምም።

አይሮፕላንንም በሚመለከት እንዲሁ። እኔ የማየው ሲመጣና ሲሄድ ነው። እናንተ ግን ከተነሣበት እስኪያርፍ ትይዙታላችሁ። ዛሬ ብዙዎቹ ያሉበትን ቦታ በሳተላይት ስክሪን ላይ እያሳዩ ይበርራሉ፤ በሬዲዮ ብቻ ክትትል ሲሆን ግን በየ15 ደቂቃው «ደህና ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ማለት አለባቸው። 15 ደቂቃው አልፎ ድምፅ ካልተሰማ ፍለጋው ይጀመራል። ጁላይ 25 ቀን 2024 በማልኸር ብሔራዊ ደን አካባቢ ፎልስ በተባለው እሳት ላይ የተሰማራ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ጠፋ። በማግስቱ ተገኘ፤ አብራሪው ግን አልተረፈም። እኔ ኦንቴሪዮ ላይ ታግቼ ከጮህኩ ቀናት አልፈው ነበር። በዚያ ምሽት ከሬዲዮው ፊት የተቀመጠው ማን እንደነበር ልጄም አታውቅም፤ ወሬውን ስትነግረኝ ግን «15 ደቂቃ እንዴት ረጅም እንደሆነ አታውቅም አባዬ» ብላ ዝም አለች። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ድሮን ለምታበርሩ ልጆቻችን ንገሩ። በ2025 ጃንዋሪ በሎስ አንጀለስ ፓሊሴድስ እሳት ላይ ከኩቤክ የመጣው ውሃ ቀጂ አይሮፕላን ክንፉን በአንድ ሰው ድሮን ተመትቶ ተበሳና ለቀናት ከሥራ ወጣ። በእሳት ቀን የሰማዩን በረራ እንዲዘጋ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ግን ማስታወቂያውን አናነብም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ፣ «የለም» ወደምትለዋ ቃል።

በእኛ ቤት «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባላል። ደግ አባባል ነው፤ ግን «እሺ» እያልን ሳናደርግ ስንት ሰው በር ላይ አስቀርተናል። ያቺ ሴት «እየመጣ ነው» ብትለኝ ኖሮ ደስ ብሎኝ እቀመጥ ነበር። አላለችኝም። «የለም» አለችኝ። ያኔ የመረረኝ ቃል፣ ዛሬ ሳስበው፣ ከዚያ ሰሞን ከሰማሁት ሁሉ የታመነው እሱ ነው።

«የለም» እንዴት እንደሚወለድ ልጄ ስትነግረኝ የራሴን ሥራ የሰማሁ መሰለኝ። እሳት ላይ ያለው አዛዥ ሁለት ቡድን ይፈልጋል፤ አንድ ቡድን 20 ሰው ነው። ሄሊኮፕተርም ይጨምራል። በአካባቢው ካለ ይላካል። ከሌለ ጥያቄው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ከ2020 ጀምሮ አይሮክ በሚባለው ሥርዓት ነው። ወደ ክልሉ አስተባባሪ ይወጣል፤ ለኦሪገንና ለዋሽንግተን ፖርትላንድ ያለው ማዕከል ማለት ነው። አገሪቱ በ10 እንዲህ ባሉ አካባቢዎች ተከፍላለች። እዚያም ከጠፋ ወደ ብሔራዊው ማዕከል፣ እኔ ዘወትር ጭነት ወደማራግፍባት ቦይሲ ይሄዳል። ቦይሲም ከሌለ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል፤ ከጎኑ «ዩቲኤፍ» የሚሉት ምልክት አለበት። መሙላት አልተቻለም ማለት ነው። እኔ በሎድ የማውቀውን መንገድ ነው በሙሉ፦ ደላላው፣ ትልቁ ደላላ፣ ከዚያ «ሶሪ ወንድሜ»። ልዩነቱ እኔ ባዶ ትሬለር ይዤ አድራለሁ፤ እዚያ ያለው ሰው ግን እሳቱ ፊት ያድራል።

በ2024 ጁላይ የነበረው ሁኔታ ይኸው ነበር። ካው ቫሊና ሎን ሮክ የተባሉት የኦሪገን እሳቶች በወሩ ሁለተኛ ሳምንት ተነሥተው ነበር፤ በመጨረሻ እያንዳንዳቸው ከ130 ሺህ ኤከር በላይ በሉ። ጁላይ 17 መብረቅ ዱርኪ የተባለውን እሳት ለኮሰ፤ ከ290 ሺህ ኤከር በላይ ሄደ፤ የሀንቲንግተን ከተማ ሰዎች ቤታቸውን ትተው እንዲወጡ ታዘዙ። በማግስቱ ጁላይ 18 የአገሪቱ የዝግጁነት ደረጃ 5 ገባ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፤ 5 ማለት በአገሪቱ ካለው ሰውና ዕቃ አብዛኛው ተሰማርቶ አልቋል ማለት ነው። ጁላይ 24 ደግሞ በካሊፎርኒያ ፓርክ የተባለው እሳት ተነሥቶ ከ429 ሺህ ኤከር በላይ ሄደ፤ ሁሉም ያንኑ አይሮፕላን፣ ያንኑ ቡድን ይጠይቃል። ኦገስት ላይ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ሰው መጣ። ኦሪገን ብቻዋን በዚያ ዓመት ወደ 1.9 ሚሊዮን ኤከር አቃጠለች፤ ወደ 770 ሺህ ሄክታር ማለት ነው፣ በግዛቱ መዝገብ ከሁሉ የበለጠው። በመላው አገሪቱ ወደ 65 ሺህ የሚጠጉ እሳቶች ተነሥተው ወደ 8.9 ሚሊዮን ኤከር አወደሙ።

በዚህ መካከል እኔ በደወልኩበት ሸለቆ አይሮፕላን ያልመጣው ሌላ ቦታ ሰው ያለበት ቤት ስለሚነድ ነው። ጥያቄ ሲበዛ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰው ሕይወት እንደሆነ ልጄ ነግራኛለች። ይህን የሚቃወም ማን ነው? ማንም። ግን ማንም አልነገረኝም፤ ጥፋቱን ከእኔ ለእናንተ የማካፍለው እዚህ ላይ ነው።

«ከሥራው ሁሉ የትኛው ይከብድ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ሌሊቱ ወይም የሰዓቱ ርዝመት ትላለች ብዬ ነበር። «ያው ጥያቄ ሁለት ሌሊት ተመልሶ መጣ» አለችኝ። «የሰውዬውን ድምፅ ለምጄዋለሁ። ደወልኩለትና የለም አልኩት። ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። 'ገባኝ፣ አመሰግናለሁ' አለኝ። አባዬ፣ ያ 'አመሰግናለሁ' ነው የከበደኝ።»

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በየቀኑ የሚወጣው ሪፖርት ስንት ኤከር እንደነደደ፣ ስንት ሰው እንደተሰማራ ይነግረኛል። የተጠየቀውና ያልተገኘው ግን ዓመቱ ካለቀ በኋላ በብሔራዊው ማዕከል ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ፣ ከሰንጠረዥ መካከል ይወጣል። ያኔ ሣሩ እንደገና በቅሏል፤ ማን ያነባል? እሳቱ እየነደደ ሳለ፣ በየሳምንቱ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ አንድ ገጽ አውጡልን፦ በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ቡድን ጠየቅን፤ ይህን ያህል መጣ፤ ይህን ያህል የለም ተባልን፤ የሄደውም እዚህ ቦታ ሰው ለማዳን ነው። በየትራክ ስቶፑ፣ በየነዳጅ ማደያው ለጥፉት። ስልካችሁ ለሕዝብ ሲያነሣም ከሰው በፊት ይህንኑ በተቀዳ ድምፅ ይናገር። እኔ ያን ብሰማ ኖሮ ያቺን ሴት አልሰድብም ነበር።

ሕዝቡ ይደነግጣል ትሉ ይሆናል። ሕዝቡማ ጭሱን እያየ ነው፤ የደነገጠው ያኔ ነው። ደረጃ ሦስት፣ አሁኑኑ ውጡ የሚለውን ትእዛዝ ሳይደነግጡ የሚነግሩን ባለሥልጣናት ስለ አይሮፕላን እጥረት ሲሆን ለምን እንደሚያፍሩ አልገባኝም። «የለም» የምትለዋን ቃል ደመወዟ ትንሽ የሆነ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተሸክማ በየስልኩ ስትሰደብበት ከምትውል፣ ጥያቄውን የጠየቀውም፣ በጀቱን የሚቆርጠውም፣ መንገድ ላይ የታገተውም ሁሉም ቢካፈላት ትቀላለች።

በጀት ለምትወስኑት አጭር ነው የምለው። ስለ እሳት ስትነጋገሩ የምትቆጥሩት መኪና፣ አይሮፕላንና አካፋ የያዘ ሰው ነው። ከሬዲዮው ፊት ያለውንም ወንበር ቁጠሩት። ትልልቅ እሳቶች ሲመጡ ማዕከሎቹ ሌላ ክፍል ከፍተው የዕቃና የሰው ጥያቄ የሚያስተናግዱ ሰዎች ከሌላ ቦታ ያስመጣሉ፤ በደረጃ 5 ግን እነዚያም ሰዎች እንደ ሄሊኮፕተሩ ይጠፋሉ። ልጄ ተመልሳ አልሄደችም። መስከረም አልፎ እንኳ ሌሊት ስሟን በሬዲዮ የሚጠራ ሰው እየሰማች ትነሣ ነበር።

ለእናንተ ለሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ እንደ ታላቅ ወንድም ልምከር። የትሬለር ሰንሰለት አስፋልት ላይ ሲጎተት የሚፈነጥቀው እሳት ሣር ለማቀጣጠል ይበቃል፤ ከመነሣታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የፈነዳ ጎማ ይዛችሁ «ኤግዚት እስክደርስ» አትበሉ። የሞተሩ ጭስ ማውጫ በጋለበት ሰዓት ደረቅ ሣር ላይ አትቁሙ። ጭስ ካያችሁ ደግሞ ሌላው ደውሏል ብላችሁ አትለፉ፤ መጀመሪያ ማይል ማርከሩን አንብቡ፣ ከዚያ ደውሉ። የምትጠይቃችሁን እስክትጨርስ አትዝጉባት። ቋንቋው ባይሞላላችሁ ቁጥሩ፣ አቅጣጫውና «ግራ» ወይም «ቀኝ» የምትለው ቃል ይበቃታል።

ለእናንተ ለማዕከሉ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ቀርታኛለች። በ2024 ጁላይ አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ንግግሩ የከበደ፣ ማይል ማርከሩን የማያውቅ ሹፌር ከቤከር ሲቲ በታች ጭስ አይቶ ደውሎላችሁ ነበር። ጭሱ ከመንገዱ በስተግራ ነበር፤ እየሄድኩ የነበረው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ወደ ጎን የተኛ ግራጫ ጭስ። ያኔ ያልመለስኩላትን ይኸው መለስኩ። መዝገባችሁ ውስጥ ከነሰዓቱ መኖሩን ልጄ ነግራኛለች። ያቺ እሳት ትንሽ ሳለች ተይዛ እንደሆነ፣ ያ ባለ ፒክአፕም በሰላም ቤቱ ገብቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የእሳቷንም ስም ብትነግሩኝ። ምን አላችኋት?

ከአክብሮት ጋር
በአይ-84 የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር